የቁፋሮ ፎቶ አሻራ፦ ከካሜራ ካርድ እስከ ብሎክቼይን

በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ አንዴ የተነሳ የአፈር ንጣፍ ተመልሶ አይነጠፍም፤ የሚቀረው ፎቶው ነው። ስለዚህ በፎቶግራሜትሪ (ከተደራራቢ ፎቶዎች ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል በመሥራት) ከሞዴሉ ማማር በፊት የጥሬው ፎቶ ደኅንነት ይቀድማል።

ስሌቱ ይኸው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም ካሜራ በ35 ሚሊሜትር ሌንስ ከ2 ሜትር ከፍታ ሲያነሳ፣ አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 0.34 ሚሊሜትር፣ አንዱ ፎቶ ደግሞ 2.06 በ1.37 ሜትር ይሸፍናል። ወደፊት 80፣ ወደ ጎን 60 በመቶ እንዲደራረብ በየ27 ሴንቲሜትሩ ይነሳል፤ በመስመርና በመስመር መካከል 82 ሴንቲሜትር ይኖራል። 5 በ5 ሜትር ለሆነ ጉድጓድ 7 መስመር በ19፣ ማለትም 133 ፎቶ ይበቃል። በዚህ ላይ ካሜራውን አዘንብሎ 60 ያህል መጨመር ግድ ነው። ሁሉም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከተነሳ፣ ሶፍትዌሩ የሌንሱን መዛባት ከመሬቱ ቅርጽ መለየት ያቅተውና ጠፍጣፋው ወለል እንደ ሳህን ጎድጉዶ ወይም እንደ ጉልላት አብጦ ይወጣል። ዓይን ይህን አያስተውልም። በቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት በሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ከተለኩት ነጥቦች ሁለት ሦስቱን ለስሌቱ ሳይሰጡ ለማመሳከሪያ ካስቀሩ ግን ወዲያው ይጋለጣል።

ለአንድ ንጣፍ 200 ያህል ፎቶ፣ እያንዳንዱ 30 ሜጋባይት ቢሆን 6 ጊጋባይት ነው። ለ20 ንጣፍ 4,000 ፎቶና 120 ጊጋባይት ይሆናል። ቢግ ዳታ (ግዙፍ የመረጃ ክምችት) የሚያሰኘው ብዙ ጉድጓድ ለዓመታት ሲጠራቀም ነው፤ ያኔ የትኛው ፋይል እንደተነካ በእጅ ማጣራት አይታሰብም።

ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያዝ፣ ከተጻፈ በኋላ ለመለወጥ እጅግ የሚያስቸግር የጋራ መዝገብ) ሲባል ምስሉ እዚያ የሚቀመጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም፤ የሚቀመጠው አሻራው ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ ኤስኤችኤ-256 በሚባል የስሌት ዘዴ ከይዘቱ ባለ 32 ባይት አሻራ፣ ማለትም ሃሽ፣ ይወጣለታል፤ ሃሾቹ በመርክል ዛፍ ጥንድ ጥንድ እየተጣመሩ አንድ ሥር ላይ ይደርሳሉ። የ4,000ው ፎቶ ሥር 32 ባይት ብቻ ነው። አንዱን ፎቶ ለማረጋገጥ ቢበዛ 12 ሃሽ፣ ማለትም 384 ባይት ይበቃል። ሥሩን ኦፕን ታይምስታምፕስ በሚባል የጊዜ ማህተም አገልግሎት በነፃ በቢትኮይን ብሎክቼይን ላይ ማሳረፍ ይቻላል። መጀመሪያ የሚሰጠው ማስረጃ ፋይል ግን ያላለቀ ነው። ከሰዓታት በኋላ ማሻሻያ ትእዛዙን ሰጥቶ የብሎኩን መረጃ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

ሥራው የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው። ካርዱ እንዳይጻፍበት ይቆለፋል፣ ወደ ሁለት ዲስክ ይገለበጣል፣ ሃሹ ከካርዱ ይሠራል፣ ሁለቱም ግልባጮች ከሱ ጋር ይመሳከራሉ። ፎቶ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ በሦስተኛ ግልባጭ ላይ ብቻ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ጄፔግ ሲያዞሩበት ወይም ኮከብ ሲሰጡበት እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፤ አንድ ቢት ከተለወጠ ሃሹ በሙሉ ሌላ ነው። ካርድ ውስጥ የተረሳ ፎቶ በኋላ ቢገኝ የድሮውን ዛፍ አትነካኩ፤ አዲስ ዝርዝር ከአዲስ ሥር ጋር ይሠራለት።

ሞዴሉን ከጥሬው ፎቶ ጋር አንድ ላይ አታስሩት። ያው ፎቶ በያው ሶፍትዌር ሁለት ጊዜ ቢሠራ ፋይሉ ባይት በባይት አንድ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሞዴሉና የስሌት ሪፖርቱ የራሳቸው ሃሽ ይውጣላቸው።

የቦታውን መጋጠሚያ ነጥብ ለብቻው ሃሽ አድርጎ መለጠፍ ደግሞ ለዘራፊ በር መክፈት ነው። ነጥቦቹ ተቆጥረው የሚያልቁ ስለሆኑ ኮምፒውተር አንድ በአንድ ሞክሮ ይደርስበታል። ቢያንስ 16 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር ቀላቅላችሁ ሃሽ አድርጉት፤ ቁጥሩንም ከፎቶዎቹ ለይታችሁ አስቀምጡ።