ነደባው ሐምራዊ የሆነበት ሳምንት

ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ኮምፒውተሬ ቀን ቪዲዮ ሲያቀናብር ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ፣ የኮድ ሥራዬን ወደ ሌሊት ካዛወርሁ ቆይቻለሁ። የከዚራ ሰፈርም በዚህ ሰዓት ጸጥ ይላል።

ባለፈው ወር ከጓደኛዬ ጋር ሐረር ወጥተን፣ በጥንታዊው የጁገል ግንብ ውስጥ በሚገኘው በእናቱ ቤት የእህቱን የሰርግ ዝግጅት ቀርጸን ነበር። ባህላዊውን የሐረሪ ቤት የገባበት ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግድግዳው በኖራ የነጣ ሲሆን የሚቀመጡበት መደብ፣ ማለትም ነደባው፣ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ካሜራችን ያንን ቀይ አደብዝዞ ስላወጣው፣ ቀዩን ብቻ በጥቂቱ የሚያደምቅ ትንሽ ኢፌክት በሲ ቋንቋ ጻፍሁና ለጓደኛዬም ላክሁለት። በእኔ ኮምፒውተር ሥራው ያማረ ነበር። እርሱ ግን በማግስቱ ደውሎ፣ «ነደባው ሐምራዊ ሆኗል፣ ኖራውም ሰማያዊ እየመታ ነው፤ እማዬ አይታው ቤቴን ምን ቀባችሁት ብላኛለች» አለኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የእርሱን ስክሪን ነበር፤ የሌላውን ዕቃ መጠርጠር ከራስ ኮድ ይልቅ ይቀላልና። የላከልኝን ምስል በእኔ ስክሪን ስከፍተው ግን ያው ሐምራዊ ነው። ካሜራውን እንዳልከስስ ደግሞ ኢፌክቱ ሲነሳ ቀለሙ ይስተካከላል። ሁለት ሌሊት ያህል ቀዩን የሚያደምቀውን የማባዣ ስሌት ስመረምር ከቆየሁ በኋላ ነው አንድ ነገር ያስተዋልሁት፤ በእኔም በእርሱም ምስል አረንጓዴው የበር መጋረጃ ልዩነት አልነበረውም። ቀይና ሰማያዊ ቦታ ሲለዋወጡ አረንጓዴ በቦታው የሚቆይበት ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የባይቶቹ ቅደም ተከተል።

ኢፌክቴ የተጻፈው ፍሬዮር በሚባለው ክፍት ምንጭ የቪዲዮ ኢፌክቶች መደበኛ አሠራር መሠረት ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ፒክሰል አራት ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ አራት ቁጥሮች ይይዛል፤ ኢፌክቱም የባይቶቹን ቅደም ተከተል ከሦስት ዓይነት አንዱን መርጦ ለአስተናጋጁ፣ ማለትም ኢፌክቱን ጭኖ ለሚያሠራው የቪዲዮ ፕሮግራም ማሳወቅ አለበት። በአርጂቢኤ ቀይ ይቀድማል፤ በቢጂአርኤ ሰማያዊ ይቀድማል፤ አረንጓዴ በሁለቱም ሁለተኛ፣ ግልጽነትን የሚለካው አልፋም በሁለቱም መጨረሻ ነው። ሦስተኛው ፓክድ 32 የሚባለው ሲሆን፣ ትርጉሙ «ቅደም ተከተሉ አያሳስበኝም፣ የተገኘውን ስጠኝ» እንደማለት ነው። ምስልን ለሚገለብጥ ወይም ለሚያሽከረክር ኢፌክት ይህ ተገቢ ነው፤ ፒክሰሉን እንዳለ አንስቶ ሌላ ቦታ ከማስቀመጥ በቀር ውስጡን አያይምና። እኔ ደግሞ ኮዴን የጀመርሁት ምስል ከሚገለብጥ ምሳሌ ቀድቼ ነበር። ያቺን መስመር ሳልቀይር፣ የመጀመሪያው ባይት ቀይ ነው ብዬ ማባዛት ጀመርሁ። እኔ የምጠቀምበት ፕሮግራም አርጂቢኤ ስለሚሰጠኝ ስህተቱ ተሸፍኖ ኖረ፤ የጓደኛዬ ግን ቢጂአርኤ ይሰጣል፤ ስለዚህ እርሱ ዘንድ የማደምቀው ሰማያዊውን ነበር። ሁለቱም ፕሮግራሞች የተባሉትን ነው የፈጸሙት።

ይህን ለማረጋገጥ ያደረግሁት የመጀመሪያ ሙከራ ራሱ አሳስቶኛል። ፍጹም ቀይ የሆነ ምስል ሠርቼ ባይቶቹን በኮምፒውተሬ ሳወጣ 255፣ 0፣ 0፣ 255 አገኘሁ። ይህ ግን ከፊትም ከኋላም ቢነበብ ያው ነው፤ ስለዚህ ፒክሰሉን እንደ አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ሳነብብ ከየትኛው ጫፍ እንደጀመርሁ ሊነግረኝ አልቻለም። ለቀለም ሙከራ ከቀይ የተሻለ የለም ብዬ መምረጤ አሁን ያስቀኛል። ቀጥሎ አራቱም የማይመሳሰሉበትን ቀለም መረጥሁ፤ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 100፣ ሰማያዊ 50፣ አልፋ 255። በእኔ ዘንድ በዚሁ ቅደም ተከተል ወጣ፤ ጓደኛዬ በስልክ ያነበበልኝ ደግሞ 50፣ 100፣ 200፣ 255 ነበር።

እርማቱ አንዲት ቃል መቀየር ነው፤ ፓክድ 32 የሚለውን አርጂቢኤ አልሁት። ከዚያ ወዲህ ባይቶቹን የማዘዋወሩ ግዴታ የአስተናጋጁ ፕሮግራም ሆነ። ይህ ግን ዋጋ አለው፤ 1920 በ1080 የሆነ አንድ ፍሬም በዚህ ዓይነት አቀማመጥ 8,294,400 ባይት ይይዛል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን ከ207 ሚሊዮን ባይት በላይ ማለት ነው። የጓደኛዬ አሮጌ ላፕቶፕ ይህን ሁሉ ወደ ኢፌክቱ ሲገባም ሲወጣም ቅደም ተከተሉን እያዘዋወረ መቀበል አለበት። ቅር ቢለውም፣ ሐምራዊ ነደባ ለእናቱ ከማሳየት ይሻላል አለ።

ሐምራዊው ከጠፋ በኋላ ተቀናብሮ በወጣው የቪዲዮ ፋይል ላይ ቀዩ ወደ ብርቱካንማ አደላ። ይህኛው ከኢፌክቱ አልነበረም። ፍሬሞቹ ብሩህነትን ከቀለም ለይቶ ወደሚያስቀምጠው ዋይዩቪ ሲለወጡ የተጠቀምሁት ለቀድሞው አነስተኛ ጥራት የተበጀውን 601 የተባለ መስፈርት ሲሆን፣ ማጫወቻው ደግሞ የምስሉን ስፋት አይቶ ለከፍተኛ ጥራት በተበጀው በ709 ፈታው። በመጀመሪያው ቀይ ለብሩህነቱ የሚያበረክተው 0.299 ነው፤ በሁለተኛው 0.2126 ነው። ልወጣውን በ709 አድርጌ፣ መስፈርቱንም በፋይሉ ላይ እንዲጻፍ ሳዝዝ ወዲያው ተስተካከለ።

አሁን የቀረኝ ጓደኛዬ የገዛው አዲስ ስልክ ነው። ስልኩ በ10 ቢት ይቀርጻል፤ ፍሬዮር የሚያውቃቸው ሦስቱም ዓይነቶች ግን ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት ብቻ ይሰጣሉ። ስለዚህ 1024 የነበረው ደረጃ 256 ሆኖ ይደርሰኛል፤ በኖራው ግድግዳ ላይ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ቀስ በቀስ በሚደበዝዝበት ቦታም ጭረት ጭረት ይታያል። ኢፌክቱን በሌላ አሠራር እንደገና እስክጽፈው ድረስ በ8 ቢት እንዲቀርጽ ነግሬዋለሁ።