ሃሪስበርግ ድረስ ሄዶ ወንድሜን የሚለምነው ጎረቤቴ

እ.ኤ.አ. በ2024፣ የአሜሪካ ምርጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ታላቅ ወንድሜን ልጠይቅ ሃሪስበርግ፣ ፔንሲልቬኒያ ሄድኩ። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል።

እሑድ ነበር። ቡና ተፈላ። አቦል ላይ በሩ ተንኳኳ። ድምፅ የሚለምኑ የአንደኛው ፓርቲ ወጣቶች ናቸው። ቶና ላይ የሌላኛው መጡ። ወንድሜ ለምዶታል፤ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይዘጋል። በረካ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ብቻውን መጣ። ደክሞታል። ወንድሜ አዘነለትና ፈንዲሻ በሰሃን ይዞለት ወጣ።

«ከየት ነው የመጣኸው?» አለው።

«ከሲልቨር ስፕሪንግ።»

ዘልዬ ተነሳሁ። ስንጠያየቅ ቤቱ ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ አይሆንም። ሰውዬው ሰፈሬን ትቶ፣ ሁለት ሰዓት ነድቶ፣ ወንድሜን ሊለምን መጥቷል። የኔን በር አንድ ቀን አንኳኩቶ አያውቅም። እኔም እኮ ዜጋ ነኝ! መቶውን የዜግነት ጥያቄ በምሳ ሰዓቴ እየሸመደድኩ ነው ያለፍኩት።

ሰውዬው ግን ሞኝ አይደለም። ሂሳቡን ያውቃል። እዚህ አገር ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት 538 ወኪል መራጮች ናቸው። 270 ያገኘ ያሸንፋል። (ስብስባቸው «ኤሌክቶራል ኮሌጅ» ይባላል። እናቴ ይህን ስነግራት፣ «ተማሪዎቹ ናቸው የሚመርጡት?» ብላኛለች።) ሜሪላንድ 10 ወኪል አላት፣ ፔንሲልቬኒያ 19። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር፣ በግዛቱ በአንድ ድምፅም የበለጠ ሰው ወኪሎቹን ጠቅልሎ ይወስዳል። በ2020 ሜሪላንድ ውስጥ ልዩነቱ ከ1 ሚሊዮን ድምፅ በላይ ነበር። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ 80 ሺህ ገደማ። እንግዲህ ማን የኔን በር ያንኳኳል? የኛ ግዛት ከ1992 ጀምሮ ለአንድ ፓርቲ ብቻ ነው የሰጠው። ለሌላኛው ፓርቲ የሚሰጠውም ነዋሪ ድምፁ እዚያው ይቀራል።

በተዘዋዋሪ መምረጥ ለኛ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያም ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ግን የምክር ቤት አባል ቢያንስ ከዚያ በኋላም ወንበሩ ላይ አለ፤ ሕግ ያወጣል፣ ትጠይቂዋለሽ። የኛ 10 ሰዎች ግን ታኅሣሥ ላይ በግዛታችን ዋና ከተማ አናፖሊስ ይሰበሰባሉ፣ ፈርመው ይበተናሉ። የአንዳቸውንም ስም አላውቅም።

ችግሩ የኔ ኩርፊያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ2000 አል ጎር በአገር አቀፍ ድምፅ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ በልጦ፣ ፍሎሪዳ ላይ በ537 ድምፅ ተሸንፎ ቀረ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጣ ተሸነፈች። «ለትንንሾቹ ግዛቶች ጥበቃ ነው» የሚሉኝ አሉ። ዋዮሚንግ ትንሽ ናት፣ 3 ወኪል አላት። ታዲያ ለምርጫ ቅስቀሳ ማን ዋዮሚንግ ሲመላለስ አያችሁ?

ሕገ መንግሥቱን መቀየር ከባድ ነው። በ1969 ፕሬዝዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ይመረጥ የሚለውን ማሻሻያ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት 338 ለ70 አሳልፎት ነበር። በዓመቱ ሴኔት ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ስለዚህ ግዛቶቹ ሌላ መላ ፈጠሩ። 270 ወኪል የሚሞሉ ግዛቶች ከተስማሙ፣ ሁሉም ወኪሎቻቸውን በአገር አቀፍ ድምፅ ላሸነፈው ይሰጣሉ። ይህን ሕግ መጀመሪያ ያጸደቀችው ማን መሰለቻችሁ? ሜሪላንድ፣ በ2007! ስንት ዓመት እየኖርኩባት አላውቅም ነበር። በ2024 ሜይን ስትጨመር 209 ደረሰ።

ይህን ለባለቤቴ እየተኩራራሁ ስነግረው፣ እሱ ሁሌም ቀዳዳ አያጣም፣ «እንግዲያው ሕጉ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ የሜሪላንድ 10 ድምፅ በ2024 ለትራምፕ ይሄድ ነበራ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ትራምፕ በአገር አቀፍም በልጧል፤ ሜሪላንድ ደግሞ በሰፊው ለሃሪስ ነው የሰጠችው። አፌን ያዝኩ። ሁለት ሦስት ቀን ከነከነኝ። ማንን እንደመረጥኩ አልነግራችሁም፤ ግን ሳስበው ይሁን አልኩ። አገሩ በሙሉ ተቆጥሮ ከተሸነፍኩ ተሸነፍኩ። የሚከፋኝ ሳልቆጠር ስሸነፍም፣ ሳልቆጠር ሳሸንፍም ነው። ባለቤቴ አሁንም አልተዋጠለትም።

ወንድሜ ደግሞ ጭራሽ አይፈልገውም። የዚያን እሑድ፣ ሰውዬው ከሄደ በኋላ፣ ፈንዲሻውን እየቆረጠመ «አንቺ፣ ይሄን ነገር እንዳትነኪብኝ» አለኝ። «በአራት ዓመት አንዴ የሚያንኳኳልኝ ሰው አለ። ቢቀየር ማን ያስታውሰኛል?»

ስወጣ በፌስታል የታጨቀ በራሪ ወረቀት አሸከመኝ። «ለናንተ ሰፈር» ብሎ ሳቀ። ማታ ቤቴ ስደርስ የቅዳሜውን ፖስታ አወጣሁ። የመብራት ቢልና የፒዛ ኩፖን ነበር።