ለፍሎረሰንስ የመለኪያ ሞድ እንዴት እንደመረጥኩ

ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በየሞገዱ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) የለመደ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አብዞርባንስ፣ ማለትም ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደዋጠ ወደሚያሳየው ሞድ ነው። በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ የተሟሟ ኪኒን ሰልፌትን ፍሎረሰንስ፣ ማለትም ብርሃን ውጦ በሌላ ሞገድ መልሶ የሚያበራውን፣ ስለካ ግን ያንን ሞድ ተውኩት። አብዞርባንስም ትራንስሚሽንም (ያለፈው ብርሃን ድርሻ) በናሙናው አልፎ የመጣውን ብርሃን ናሙናው ሳይኖር ለተለካው የማጣቀሻ ብርሃን ያካፍላሉ። ኪኒን 350 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ውጦ መልሶ የሚያበራው 450 አካባቢ ነው፤ እዚያ ደግሞ የማነቃቂያው መብራት ብርሃን የለውም ማለት ይቻላል። አካፋዩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግራፉን ኖይዝ (የዘፈቀደ መዋዠቅ) ይሞላዋል።

ስለዚህ የሠራሁት የጨለማ ንባብ (ብርሃን ሳይገባ የሚወሰድ ንባብ) በተቀነሰለት ጥሬ ቆጠራ፣ ማለትም ብርሃን የሚያነበው ዲቴክተር በሚሰጠው ያልተካፈለ ቁጥር ነው። ብርሃን ተቀባዩን ፋይበር ከማነቃቂያው ጨረር በ90 ዲግሪ አቆምኩት። ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ለጨለማው ንባብ ነው፤ ዲቴክተሩ በጨለማም ቢሆን ከጊዜ ጋር ቆጠራ ስለሚያጠራቅም፣ የመሰብሰቢያ ጊዜውን በለወጥኩ ቁጥር ጨለማውን እንደገና እወስዳለሁ። በ16 ቢት መሣሪያ የቆጠራው ጣሪያ 65,535 ነው፤ ጫፉ ከዚያ በታች እንዲቀር ጊዜውን አስተካክላለሁ። ኖይዙን ለመቀነስ ንባቦችን አማካይ ማድረግ ይረዳል፤ 16 ንባብ በዘፈቀደ የሚመጣውን ኖይዝ ወደ ሩብ ያወርደዋል።

ናሙናው የሌለበትን ፈሳሽ ብቻውን መለካትም ግድ ነው። በ350 ሲነቃቃ የውሃው ራማን ስርጭት (ውሃው ሞገዱን ለውጦ የሚበትነው ብርሃን) 397 አካባቢ ትንሽ ጉብታ ያወጣል፤ ላላወቀው ፍሎረሰንስ ይመስላል። መለያው ቀላል ነው፦ የማነቃቂያውን ሞገድ ሲለውጡት ጉብታው አብሮ ይሸሻል፣ የኪኒን ጫፍ ግን ባለበት ይቆያል።

አብዞርባንስን ጨርሶ አልጣልኩትም። ናሙናው በማነቃቂያው ሞገድ ከ0.1 በታች መሆኑን የማረጋግጠው በእሱ ነው። ከዚያ ከወፈረ የፊተኛው ክፍል ብርሃኑን ይውጥና የኋላው ሳይነቃ ይቀራል፤ መጠንና ብርሃን አብረው መጨመራቸውን ያቆማሉ።

አንጻራዊ ኢራዲያንስን (ቆጠራው በታወቀ መብራት የሚስተካከልበትን ሞድ) የምመርጠው የግራፉ ቅርፅ ሲያስፈልገኝ፣ በተለይ ከሌላ መሣሪያ ውጤት ጋር ሳወዳድር ነው። ዲቴክተሩ ሁሉንም ሞገድ እኩል አያይም፤ የቀለም ሙቀቱ በታወቀ የተንግስተን ሃሎጅን መብራት ካልተስተካከለ ጫፉ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። በዚህ ሞድ ስሠራም ጥሬውን ቆጠራ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ማስተካከያው ላይ ጥርጣሬ ከገባኝ ከጥሬው ተነስቼ እንደገና አሰላዋለሁ።