የራሳችንን ምስል ይዘን መማር፦ ከደብረ ማርቆስ የምስል ትንተና ስብስብ የተገኘ ልምድ

በማይክሮስኮፕና በካሜራ ምስል ለሚሠሩ የሕይወት ሳይንስ ባለሙያዎች ደብረ ማርቆስ ላይ የጀመርነው የቅዳሜ ከሰዓት ስብስብ ካለፈው ክረምት ወዲህ የት እንደ ደረሰ ላካፍላችሁ። ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከደጀን «እኛስ ከምን እንጀምር?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝም መልሴ ይኸው ነው።

ስብስባችን የሚሄደው በወንፈል ነው። ዛሬ ሁላችንም ተረባርበን የአንዱን ምስል እንሠራለን፤ በሚቀጥለው ጊዜ ተራው የሌላው ይሆናል። ይህን የመረጥነው ቀደም ሲል በየፊናችን የወሰድናቸው አጫጭር ሥልጠናዎች ለምን ፍሬ እንዳላፈሩ ከተወያየን በኋላ ነው። አሠልጣኙ ተመርጦ የተዘጋጀ ንጹሕ ምስል ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ነገር እንደ ተባለው ይሠራል፤ የምስክር ወረቀት ተቀብለን እንለያያለን። ሰኞ ዕለት የራሳችንን ስላይድ አንሥተን ስንቀመጥ ግን ብርሃኑ ዳርና ዳር የጨለመ፣ ቀለሙ የወፈረ፣ ሴሎቹ የተደራረቡ ሆነው እናገኛቸዋለን። ያን ጊዜ የሚጠየቅ ሰው በአጠገባችን የለም። ስለዚህ በእኛ ስብስብ ማንም ሰው የሚማረው ሊመልሰው የሚፈልገውን ጥያቄና የራሱን ምስል ይዞ ነው።

በምስሉ ላይ ያለውን ለመቁጠርና ለመለካት የምንጠቀመው ሶፍትዌር ፊጂ ነው። መሠረቱ ዌይን ራስባንድ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ኢሜጅጄ ሲሆን፣ ፊጂ ለሕይወት ሳይንስ የሚያስፈልጉ ብዙ ተጨማሪ መሣሪያዎችን በአንድነት ይዟል። በነጻ የሚገኝ ነው። በፍላሽ ተገልብጦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በአሮጌ ላፕቶፕም ላይ ይከፈታል። መብራት በሚጠፋበት፣ መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረን የወባ ስላይድ ነው። በወፍራም የደም ናሙና ላይ የተለመደው አሠራር 200 ነጭ የደም ሴሎች እስኪቆጠሩ ድረስ የታዩትን ተውሳኮች መቁጠር፣ ከዚያም በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 8,000 ነጭ ሴሎች አሉ በሚል ግምት ማስላት ነው። 50 ተውሳኮች ከተቆጠሩ በማይክሮሊትር 2,000 ማለት ነው። ፊጂ በመጀመሪያው ዙር ጠቆር ያለውን ነጥብ ሁሉ ለቅሞ ቆጠረው። ምስሉ ግድግዳው ላይ እንደ በራ፣ ዕድሜያቸውን በማይክሮስኮፕ ላይ ያሳለፉ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ብድግ አሉና፣ «ልጆቼ፣ ይኼማ የቀለም ዝቃጭ ነው። ተውሳክ ከሆነ ቀይ ነጥቡ ብቻውን አይቆምም፤ ሰማያዊ አካሉም አብሮት ይኖራል» አሉን።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ምን ያህል ቢራራቁ ነው የማንቀበለው?» ብሎ አንዱ ወጣት ጠየቃቸው። ወደ ግድግዳው ቀርበው፣ ነጥብ በነጥብ በጣታቸው እየጠቆሙ «ይኼ ነው፣ ይኼ አይደለም» ሲሉ ዋሉ።

ያ የእሳቸው ዕውቀት ነው ፊጂ ወደሚከተለው ትእዛዝ የተለወጠው። ስላይዱ የሚቀለምበትን የጊምዛ ቀለም ቀይና ሰማያዊ በየፈርጁ ለይተን፣ ቀዩ ነጥብ በቅርቡ ሰማያዊ ከሌለው እንዳይቆጠር አደረግን። የተሳሳተው ቆጠራም በግልጽ ቀነሰ። ቀጥሎ ደግሞ ሁለት የላብራቶሪ ቴክኖሎጂ ባለሙያ እህቶቻችን አንዳቸው የሌላቸውን ሳያዩ በተመሳሳይ ምስሎች ላይ በእጅ ምልክት አደረጉ። ውጤታቸውን ስናስተያይ ሁለቱም የተካኑ ሆነው ሳለ ያልተስማሙባቸው ነጥቦች ነበሩ። ኮምፒውተሩ ልክ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ከመፍረድ በፊት ሰውና ሰው ምን ያህል እንደሚለያዩ ማወቅ ግድ ነው። ይህን ሳይለኩ «ሶፍትዌሩ ይህን ያህል መቶኛ ትክክል ነው» ብሎ መጻፍ እኔ እስከማምነው ድረስ ባዶ ቁጥር ነው።

የግብርናው ወንድማችን ያመጣው የስንዴ ቢጫ ዋግ ነበር። ቅጠሉን ከማስመሪያ ጋር በነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ፣ ጥላ ሥር ፎቶ አንሥቶ፣ ከቅጠሉ ስፋት ምን ያህሉ በዋግ እንደ ተያዘ ይለካል። በዕድሜ ቢጫ የሆነው ቅጠል ከዋጉ ጋር እንዳይምታታ ገና እየታገልን ነው።

ከሁሉም ተራ የወጣ አንድ የጋራ ትምህርት አለ፤ ትንተና የሚጀምረው ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ማይክሮስኮፑ ላይ ነው። በጄፔግ የተቀመጠ ምስል የሚጨመቀው 8 በ8 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ስለሆነ፣ ጥቂት ፒክስል ብቻ የምታክለውን የተውሳክ ነጥብ ያበላሻታል። ምስሉን ሳያበላሽ የሚያስቀምጠው ቲፍ የተባለው የፋይል ዓይነት ይሻላል። ባዶ የስላይድ ቦታም አንድ ጊዜ አንሡ፤ የዳር ጨለማውን በኋላ ለማቃናት እርሱ ያስፈልጋል። መለኪያ ስላይድ (ርቀቱ የታወቀ መስመር የተሰመረበት) ካገኛችሁ በየሌንሱ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ካላገኛችሁ ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ስፋት ስላለው ቢያንስ ልኬታችሁ ከእውነታው እንዳልራቀ ታዩበታላችሁ።

ሌላው በጣም የጠቀመን የፊጂ የማክሮ፣ ማለትም ተከታትለው የሚሠሩ ትእዛዞች፣ መቅጃ ነው። የምትነኩትን ሁሉ እየተከተለ በጽሑፍ ያስቀምጥላችኋል። ተራው የደረሰው ሰው ሥራውን ሲጨርስ የተቀዳውን ማክሮ በየመስመሩ በአማርኛ ማብራሪያ ጽፎበት ያስረክባል። አዲስ የሚመጣ ሰው ይህን አንብቦ የት እንደ ደረስን ያያል፤ ወረዳ ላይ ያለ ባልደረባም በፍላሽ ይወስደዋል።

በሌላው ዓለም የተሠራውን ማየትም ይጠቅማል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሠራው ኒውቢያስ የተባለ መረብ ሶፍትዌር ሠሪዎችን፣ ባዮሎጂስቶችንና በመካከላቸው የቆሙትን የምስል ተንታኞች በጋራ አሠልጥኗል። ተንታኝነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው ብሎ ቆሟል፤ ለእኔ ትልቁ ሥራው ይህ ነው። ዛሬ ግሎቢያስ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር በዚያው መንገድ ይሄዳል። በአህጉራችንም የአፍሪካ ባዮኢሜጂንግ ጥምረት አለ፤ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለአፍሪካ ተመራማሪዎች የተከፈተ የማይክሮስኮፕ ማዕከል ይገኛል። በየተቋማችን ግን ማይክሮስኮፕ ለመግዛት በጀት ሲያዝ ምስሉን ለሚተነትን ሰው የሥራ መደብ አይታሰብም። ይህ ያንገበግበኛል።

የራሳችን ምስል ለምን ያስፈልጋል ለሚሉኝም አንድ ማስረጃ አለኝ። በሰፊው ከሚሠራባቸው የወባ ምስል ስብስቦች አንዱ 27,558 የቀይ የደም ሴል ምስሎች ያሉት ሲሆን፣ ናሙናው የተወሰደው ባንግላዴሽ ውስጥ ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ተውሳክ ከታመሙና ከጤነኛ ሰዎች ነው። እኛ ጋ ግን ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ተውሳክም በብዛት አለ። በዚያ የሠለጠነ ኮምፒውተር የጎጃምን ስላይድ በትክክል ያነብባል ብሎ አስቀድሞ ማመን አይቻልም። ምልክት የተደረገበት የራሳችን ስብስብ እስኪኖረን ድረስ በእጅ ምልክት ማድረጉን አናቆምም።

አሁን የጀማሪዎቹን ክፍል የሚመሩት ምልክት ያደረጉት ሁለቱ እህቶቻችን ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ፊጂንና መለኪያ ስላይዱን ይዘን ወደ ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን። የምትመጡ ሁሉ ያልተቆረጠና ያልተቀነሰ ዋናውን ምስል አምጡ። የሌንሱን ማጉያ መጠን፣ የቀለሙን ዓይነትና የተነሣበትን ቀን ጻፉበት። የታማሚ ስም በምስሉም ሆነ በፋይሉ ስም ላይ እንዳይኖር ከመምጣታችሁ በፊት አጥፉት፤ ናሙናውን ለዚህ ሥራ ለመጠቀም የሚያስችል ፈቃድም ያዙ።