ስድስት ሳምንት ነበር የተባልኩት

እኔ በረኛ አይደለሁም። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን በረኛችን ቀረና "አንተ ረጅም ነህ፣ ግባ" ተባልኩ። ኳሷን ለመያዝ እጄን ስዘረጋ የቀኝ እጄን የመሃል ጣት ጫፉን መታችው።

ሕመሙ ያን ያህል አልነበረም። ያስደነገጠኝ መልኩ ነው። ጫፉ፣ ከጥፍሩ ሥር ካለችው መገጣጠሚያ ጀምሮ፣ ወደ ታች ደፋ ብሎ ቀረ። በሌላው እጄ ሳቃናው ይቃናል፤ ስለቀው ተመልሶ ይደፋል። አንዱ "ወልቆ ነው፣ አምጣው ልሳበው" እያለ መጣ። በየሜዳው እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አመለጥኩት።

ቤት ስደርስ ደግሞ አክስቴ ወጌሻ ካልጠራሁ አለች። በስንት ልመና እስከ ሰኞ ታገሰችኝ። ሰኞ ራጅ ተነሳሁ። አጥንቱ ደህና ነው። የተበጠሰው የጣቱን ጫፍ ቀና የሚያደርገው ቀጭን ጅማት ነው። "ይኼ በማሸትም በመሳብም አይገጥምም" አለኝ ሐኪሙ። "ጫፉ ቀጥ ብሎ ከቆየ ራሱ ይያያዛል።" ትንሽ የፕላስቲክ መደገፊያ አድርጎ በፕላስተር አሰረልኝ። ስድስት ሳምንት፣ ቀንም ሌሊትም። ፕላስተሩን ስቀይር እንኳ ጣቴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መሆን አለበት። አንዴ ከታጠፈ ቆጠራው እንደገና ነው።

በዚህ ጣት እንጀራ መቁረስን አስቡት። በሦስተኛው ቀን ፕላስተሩ ሽሮ ሽሮ ይሸት ጀመር። አክስቴ አዘነችልኝና በጉርሻ ያዘችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ይኼኛው አልከፋኝም።

መሃል ላይ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ የእግሬን ትንሿን ጣት ከአልጋው እግር ጋር አላተምኳት። ጩኸቴ ጎረቤት ቀሰቀሰ። እሷ ግን ከጎረቤቷ ጣት ጋር፣ መሃላቸው ጥጥ ተደርጎ ታሰረች፤ ሶሉ ጠንካራ የሆነ ጫማ አደረግኩ፤ በሦስት ሳምንት ረሳኋት።

ያ ሳያሳምም የተበጠሰው ነው የጨረሰኝ። በአራተኛው ሳምንት ገላዬን ስታጠብ መደገፊያውን አወለቅኩት። ሳሙናው አመለጠኝ። ላነሳ ጎንበስ ስል ጣቴም አብሮኝ ጎንበስ አለ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ካላንደሩን ገለበጠና "ዛሬ አንድ በል" አለኝ።

አሁን ተፈትቷል። ጫፉ ዛሬም ትንሽ ደፋ ይላል፤ እስክሪብቶ ለመያዝ ግን አይከለክልም። ነገ ቅዳሜ ነው። በረኛችን እስካሁን ስልክ አላነሳም።