ቧንቧው ወፈረ ያልኩ ዕለት

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ፋብሪካ የቦይለር ቧንቧ ውፍረት በአልትራሳውንድ እለካለሁ። ነፍሰ ጡር የሚያዩበት ማሽን ዘመድ ነው። ጄል ትቀባለህ፣ ድምፅ ልኮ የሚቀበለውን ጫፍ (ፕሮቡን) ታስነካለህ፣ ድምፁ ከብረቱ ጀርባ ነጥሮ ይመለሳል። ብረት ውስጥ በሰከንድ ወደ 5,900 ሜትር ይሮጣል። መሣሪያው ደርሶ መልስ የፈጀውን ጊዜ በዚህ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት ያካፍላል፤ በቃ።

እሁድ ቦይለሩ ጠፍቶ ስለካ 8.0 ሚሊ ሜትር አገኘሁ። ማታ ብየዳውን በጨረር ፎቶ የሚያነሱ ልጆች ኢሪዲየም 192 የሚባለውን የጨረር ምንጭ ይዘው መጡ፤ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ማክሰኞ ያንኑ ነጥብ ስለካ 8.2! ቧንቧ ይሳሳል እንጂ ይወፍራል እንዴ? «ጨረሩ ነው» ብዬ ለፎርማናችን ሮጥኩ።

ጋሼ ረጋ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ እጅህን አስጠግተህ አይተኸዋል?» አሉኝ።

ቦይለሩ ሥራ ጀምሯል። ቧንቧው 150 ዲግሪ ደርሷል። ብረት ሲግል ድምፅ ይዘገያል፤ በየ55 ዲግሪው 1 በመቶ ገደማ። መሣሪያው ደግሞ ድምፁ ሲዘገይ ሩቅ የሄደ ይመስለዋል። የሚያናድደው፣ ሙቀት የሚችለውን ፕሮብ የገጠምኩት ራሴ ነኝ። ሂሳቡን ግን በቀዝቃዛ ብረት ፍጥነት ተውኩት።

እልህ ይዞኝ ስለ ጨረር ማንበብ ጀመርኩ። የኢሪዲየም ጋማ ጨረር በዋናነት የሚነካው ኤሌክትሮን ነው፤ የብረት አተም ከቦታው የመፈንቀል አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኑክሌር ሪአክተር ኒውትሮን ግን ሌላ ነው። አተሙን ገጭቶ ያስወጣዋል፣ ቦታው ባዶ ይቀራል። ባዶዎቹ ተጠራቅመው ጥቃቅን ቀዳዳ ሲሆኑ ብረቱ ያብጣል። በ1967 እ.ኤ.አ. ሪአክተር ውስጥ በቆየ ስቴንለስ ብረት ላይ ይኸው ታየ። እንዲህ በተቦረቦረ ብረት ውስጥ ድምፅ ይዘገያል።

እኔን የገረመኝ ግን መጀመሪያ ላይ የሚሆነው ነው። ብረት ውስጥ አተሞቹ የተዛነፉባቸው ክር መሰል መስመሮች አሉ። ድምፅ ሲያልፍ ይርገበገቡና ጉልበቱን ይበሉታል። የተፈናቀሉት አተሞች እነዚህ ክሮች ላይ ሲሰኩ፣ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ክሩን ሲይዘው ማለት ነው፤ የሚርገበገበው ያጥራል። ስለዚህ ትንሽ ጨረር ያገኘው ብረት ድምፅን ከበፊቱ ባነሰ ብክነት ሊያሳልፍ ይችላል። ተጎድቶ!

አሁን ከውፍረቱ ጎን ዲግሪውንም በጠመኔ ቧንቧው ላይ እጽፋለሁ። ጋሼ ባለፉ ቁጥር፣ «ዛሬስ ወፈረ ወይስ ከሳ?» ይሉኛል።