በደብተሩ ጠርዝ ላይ

ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ካወራነው ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ከደንበኛው ሳይሆን ከራሴ አፍ የወጣ። «እሺ፣ 12 በመቶ እንቀንስልዎታለን፤ ማሽኖቹም ዓርብ ይደርሳሉ» ብዬ ነበር። 12 በመቶ ለመቀነስ ሥልጣን የለኝም። ዓርብ እንደማይደርሱም አፌን ስከፍት አውቀው ነበር።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2020 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ካለው ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። የምሸጠው የማተሚያ ማሽንና መለዋወጫ ሲሆን፣ ደንበኞቼ ትልልቅና ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች ናቸው። ስብሰባ ሲሰረዝ የስብሰባ ወረቀት አይታተምም፤ ሠርግ ሲተላለፍ የጥሪ ካርድ የሚያዝ የለም፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የፈተና ወረቀት ይቀራል። በእጄ ከነበሩት 11 ፕሮፎርማዎች (የዋጋ ማቅረቢያዎች) 7ቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰረዙ። የወሩ ታርጌት ግን ያው የድሮው ነው፤ ማንም አልነካውም። ደመወዜ ትንሽ ሆኖ የምኖረው በኮሚሽን ስለሆነ፣ «ይቅርብን» የሚል ስልክ በመጣ ቁጥር የቤት ኪራዬ ከፊቴ ድቅን ይል ነበር።

የዚያን ቀን የደወለው የአንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት የግዥ ኃላፊ ነው። ሦስት ማሽን አዝዞን ጭነቱ ወደብ ላይ ቆይቶበታል። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። «አንተ ልጅ፣ ቀልድ መሰለህ እንዴ? ቃል የገባኸው ለመቼ ነበር? ትዕዛዙን ሰርዤ ከሌላ እንደምገዛ ታውቃለህ?» አለኝ። «ሰርዤ» የምትለዋን ከሰማሁ በኋላ ሌላውን በደንብ አልሰማሁትም። ፊቴ ጋለ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። ተናግሮ ተናግሮ ዝም ሲል፣ ያቺን ዝምታ መቻል አቃተኝና በቅናሽ ሞላኋት።

ስለ ሻጭ መረጋጋት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ከደንበኛ ጋር አለመጣላትን፣ ድምፅን ከፍ አለማድረግን ነው። እኔ ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ እንዲያውም ከወትሮው የበለጠ ትሑት ነበርኩ። ሻጭ ሲደነግጥ እምብዛም አይጮህም፤ ቅናሽ ይሰጣል። ያልተጠየቀውን ዋጋ ይቀንሳል፣ የማይደርስበትን ቀን ይቆርጣል፣ ሳያጣራ «ችግር የለም» ይላል። ላየው ሰው መልካም መስተንግዶ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፍርሃት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በሽያጭ ግን ያፈሰሱት ሁሉ አይለቀምም፤ አንዴ ከአፍ የወጣ ዋጋ የደንበኛው ነው።

ለሥራ አስኪያጄ ወዲያው ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ «ቅናሹን ልፈቅድልህ አልችልም፤ ነገ ጠዋት ራስህ ደውለህ አስተካክል» ብሎኝ ወደ ስብሰባው ሄደ። ቢቆጣኝ ሳይሻል አይቀርም ነበር። ነገ ጠዋት የሚለው ቃል ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ይቀመጣሉ። በሽያጭ ከ20 ዓመት በላይ ሠርተዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ባንክ ሌማን ብራዘርስ ከስሮ የዓለም ገበያ በተናጋበት ሰሞን፣ ደንበኛ ሁሉ እጁን ሲሰበስብ፣ እሳቸው ይህንኑ ማሽን ይሸጡ ነበር። የሚቆጣ ደንበኛ ሲገጥማቸው ፊታቸው አይለወጥም፤ እኔም ከተፈጥሯቸው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የእሳቸው ስልክ ጮኸ። የደዋዩ ድምፅ ከማዳመጫው አልፎ እኔ ጋ ይሰማል። እትዬ ደብተራቸውን ገልጠው እስክሪብቶ አነሱና መጻፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ዝም ብለው መስመር የሚያሰምሩ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ሲፈጥንባቸው «ትንሽ ይቆዩኝ፣ እየጻፍኩ ነው» ይላሉ። ጨርሶ ሲያበቃ፣ «ያሉኝን ላንብብልዎት፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ» አሉና ያነቡለት ጀመር። «‹ቀለሙን ከቀየርን ሦስት ሳምንት ማሽኑ ቆሟል› ብለዋል።»

በወዲያኛው ጫፍ ዝም ተባለ። ከዚያ የሰውዬው ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ። «ሦስት አይደለም፣ ሁለት ሳምንት ነው። ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ሰማያዊውን ነው የሚዘለው።»

«ሰማያዊው ብቻ ነው የሚዘለው?»

«አዎ፣ ሌላው ደህና ነው።»

ከደቂቃ በፊት የጽሕፈት ቤቱን ጣሪያ ሊያነሳ የደረሰው ሰው አሁን ቁጥርና ቀለም እያስተካከለ ነው። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሥራ ተበላሽቶበታል። ግን የተናገረው በራሱ ቃል ተመልሶ ሲነበብለት፣ ከመቆጣት ወደ ማረም ዞረ። እትዬም ለማግስቱ ባለሙያ ቀጠሩለትና ስልኩን ዘጉ።

ተነስቼ ጠረጴዛቸው ጋ ሄድኩ። ደብተሩ ክፍት ነው። ገጹ መሐል የደንበኛው ቃል ሳይቀነስ ሳይጨመር ሰፍሯል። ከጠርዙ፣ ከኅዳጉ መስመር ወዲያ ማዶ፣ በደቃቅ ፊደል አንዲት ቃል አለች፦ «ፈራሁ»።

የማየት መብት የሌለኝን ነገር ያየሁ መሰለኝና ዓይኔን መለስኩ። እሳቸው ግን አልሸሸጉትም።

«ምነው ልጄ፣ አይፈሩም ብለህ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንዴት አልፈራም? ይሄ ሰውዬ ትልቁ ደንበኛዬ ነው። ድሮ መፍራቴን ለራሴም አልነግረውም ነበር፤ ያኔ ለደንበኛው የሚመልስለት ፍርሃቴ ነበር። አሁን እጽፈዋለሁ። ከጻፍኩት በኋላ እዚያው ጠርዙ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ደግሞ ሥራዬን እሠራለሁ።»

ያን ጊዜ ነው እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ማንበብ የጀመርኩት። የሃርቫርዱ ሐኪምና ተመራማሪ ዋልተር ካነን ሰውነት በፍርሃትና በቁጣ ጊዜ እንዴት ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንደሚሰናዳ በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በዝርዝር ገልጾታል። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ አፍ ይደርቃል። የእኔ ጉሮሮ መድረቅም ከዚሁ ነው፤ ሰውነቴ ስልክ የያዝኩ ሻጭ ሳይሆን አውሬ የገጠመኝ ሰው አድርጎ ነው ያሰናዳኝ። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ውል ቢነጋገር የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት። ቅናሽ ደግሞ ቶሎ ያስጨርሳል።

እጅ ከአፍ ይዘገያልና የሚጽፍ ሰው ሳይወድ በግዱ ይረጋጋል። ትንፋሽም አብሮ ይረዝማል። አየር ወደ ውጭ ስናስወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገየዋል፤ ስለዚህ አወጣጡን ከአገባቡ ማስረዘም ልብን በቀጥታ የሚይዝ ልጓም ነው። ይህን ማንም ሳያውቅ፣ ደንበኛው እያወራ እያለ ማድረግ ይቻላል። በጠርዝ ላይ ስለምትጻፈው ቃልም ያገኘሁት ነገር አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት እያዩ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት፣ አሚግዳላ በሚባለው የአንጎል ክፍል የሚታየው መነሳሳት ቀንሶ ተገኝቷል። እትዬ ይህን ጥናት አላነበቡትም። በሥራቸው ደረሱበት።

ያን ዕለት ማታ የተጠናወተኝ ሌላ ነገር ግን ነበር፤ ሰባቱ ስረዛ። ለራሴ የነገርኩት «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» ብዬ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርቲን ሴሊግማንና ፒተር ሹልማን በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት በሕይወት መድን ሻጮች ላይ የተሠራ ነው፤ ክፉ የገጠመኝ ከእኔ ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው፣ ሁሉንም ያበላሽብኛል ብለው የሚያስረዱ ሻጮች በሽያጭም ያንሳሉ፣ ሥራውንም ቶሎ ይተዋሉ። የእኔ ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም አሟልቶ ነበር። እትዬ ስነግራቸው ለማጽናናት አልሞከሩም። «የሰባቱን ምክንያት እነሱ ባሉት ቃል ጻፈው» አሉኝ። ጻፍኩት። አምስቱ ሥራ ቆሞባቸዋል። አንዱ ብድሩ ዘግይቶበታል። ሰባተኛው ግን በእኔ ነው፤ ጥያቄውን ተቀብዬ አራት ቀን አዘገየሁበት፣ እሱም ቀድሞ ከመለሰለት ገዛ። ይህን ማየት አሳመመኝ፤ ግን «አልተፈጠርኩም» ከሚለው በጣም ያንሳል። አራት ቀን ማዘግየት የሚታረም ነገር ነው። ሁሉንም በጊዜው ክፋት ማሳበብ ብጀምር ኖሮ ይቺን አላገኛትም ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከመደወሌ በፊት ሦስት ነገር ጻፍኩ። ማሽኖቹ ዓርብ አይደርሱም። ቅናሹን ያለ ፈቃድ ነው የተናገርኩት፣ ልሰጥ አልችልም። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አይደለም። ጠርዙ ላይ ደግሞ «ፈርቻለሁ» አልኩ። እጄ ትንሽ ስለተንቀጠቀጠ «ለ»ዋ ተንጋዳ ወጣች።

ኃላፊው ሦስቱንም ሰምቶ እንደፈራሁት ተቆጣ። እኔ ጻፍኩ። «ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ! እናንተን ማን ያምናችኋል?» ሲል ይህችንም ጻፍኳት፤ እውነት ስለነበረች ከሁሉም የከበደችኝ እሷ ናት። ጨርሶ ሲያበቃ አነበብኩለት። «ማን ያምናችኋል» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ትንሽ ተሰበረ፤ አልዘለልኩትም ግን። ከዚያ ዝም አልኩ።

የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ነበር። ቀጭኗን ዘንግ ተከተልኳት። ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። አንድ ቁጥር በጨመረች ቁጥር «ቢያንስ አምስት በመቶ…» የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ትንፋሼን በረጅሙ አወጣሁና መለስኩት።

«እኔ እኮ ቅናሽ አልጠየቅኩህም» አለኝ በመጨረሻ።

እውነቱን ነው። የትናንቱን ንግግር መልሼ ባስበው አንዴም ስለ ዋጋ አላነሳም። የፈለገው የመድረሻውን ቀን ነበር። አለቃው በየቀኑ ይጠይቀዋል፤ አሮጌውን ማሽን አስነስቶ ቦታውን ባዶ አድርጓል፤ ሁለት ኦፕሬተሮች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። በዚያ ላይ የራሱ ደንበኞችም እየሰረዙበት ነው። እሱም እንደ እኔው ፈርቶ ነበር የደወለው፤ ልዩነታችን የእሱ ፍርሃት በጩኸት፣ የእኔ በቅናሽ መውጣቱ ብቻ ነው።

የጭነቱን ሰነድ ከፊቴ አድርጌ የተጻፈበትን ቀን እንዳለ ነገርኩት፤ ቀኑ ሊገፋ እንደሚችልም አልደበቅኩም። «አዲስ ነገር ቢኖርም ባይኖርም ማክሰኞና ዓርብ እደውልልዎታለሁ» አልኩት። ጥቂት አሰበና ሁለቱን ማሽን ሰረዘ፤ አንዱን አስቀረ። ዋጋው ባለበት።

ወሩን የታርጌቴ ግማሽ ላይ ሳልደርስ ዘጋሁት።

ማክሰኞ ደወልኩለት። «ጭነቱ ገና ነው፤ አዲስ ነገር የለኝም» አልኩት።

«እሺ፣ ዓርብ ንገረኝ» አለኝ። ከደቂቃም አልፈጀብን። ስልኩን አስቀምጬ የሚቀጥለውን ቁጥር ልፈልግ ደብተሬን ሳዞር ጠርዙን አየሁት፤ ያን ቀንም ጽፌው ነበር።